ያልታጠበው ፎጣ

ካፖርቱ ላይ ፀጉር የነበረው በግራ ትከሻው በኩል ብቻ ነበር።

ልብስ ተኳሿ በላውንደሪው ባንኮኒ ላይ ዘርግታ አየችው። ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ነው። የኪሶቹ አፍ በብረት ብናኝ ጠቁሯል፤ የእጅጌዎቹ ጫፍ ዘይት ጠጥቷል። ይህ አልገረማትም። የሰው እድፍ ስታይ የምትውል ልጅ ናት፤ ማን የት እንደተደገፈ፣ ማን በምን እንደተናደደ ከልብሱ ታውቃለች። የገረማት በግራ ትከሻው ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰካው ነጭና ቡናማ ፀጉር ነው። የቀኝ ትከሻው ንጹሕ ነበር።

«ድመት አለዎት?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አለችኝ። እንዴት አወቅሽ?»

«ግራ ትከሻዎ ላይ ነው የምትቀመጠው።»

ከባንኮኒው ማዶ የቆመው ወጣት ድመቷ አሁንም እዚያ ያለች ይመስል ወደ ትከሻው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ዓይኖቹ ብቻ ጠበብ ይላሉ።

«በቀኝ እጄ ስለምሠራ ቀኙ ይንቀሳቀስባታል» አለ። «ቁልፍ ሠሪ ነኝ። እዚሁ ከመንገዱ ማዶ። መቼ ልምጣ?»

ተኳሿ አፏን ሳትከፍት ከራሷ በላይ «ነገ ይደርሳል! ነገ ይደርሳል!» የሚል ድምፅ ጮኸ።

በሽቦ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ግራጫ በቀቀን ነው። የላውንደሪው ባለቤት ሴትዮ፣ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ለደንበኛ ሁሉ የሚሰጡትን መልስ እሱም ተምሮታል። እንፋሎት አይወድም፣ የሸሚዝ ቁልፍ ነቅሎ መጣል ይወዳል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ቃል ይገባል።

«እውነቱን ነው?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«ውሸታም ነው። ከነገ ወዲያ ይምጡ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ካፖርቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በሚቀጥለውም። እድፉ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ከድመቷ ፀጉር በቀር የሚታጠብ ነገር ጠፋበት።

«እኔ የምልሽ» አሉ እትዬ አንድ ቀን፣ ካፖርቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። «ይሄ ሰውዬ ቁልፍ ሠሪ ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ሐኪም?»

«ንጽህና ይወድ ይሆናል።»

«ንጽህና! እሱ የሚወደውንማ እኔም አውቃለሁ፣ በቀቀኑም ያውቃል። ወሬው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው ያልደረሰው።»

ተኳሿ ካውያዋን አነሳችና ምንም ያልተጨማደደ ሸሚዝ መተኮስ ጀመረች።

አንድ አመሻሽ ላይ ላውንደሪውና ቁልፍ ቤቱ እኩል ተዘጉ። በአጋጣሚ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም ግን የተገረሙ መሰሉ።

«በዚህ በኩል ነሽ?»

«በዚህ በኩል ነኝ።»

«እኔም በዚህ በኩል ነኝ» አለ። ቤቱ በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው። ባወቀች ጊዜም ምንም አላለችውም፤ ብቻ በዚያው ሳምንት «እርስዎ» ማለቷን ተወች።

ቁልፍ ሠሪው ወሬ አያውቅም። ስለ አየሩ ሁለት ቃል ይናገርና ይደክመዋል። የቤቱ እንስሳት ሲነሱ ግን አፉ ይፈታል።

«ቸኮለ የሚባል ኤሊ አለኝ» አላት።

«ቸኮለ?»

«አያቴ ናቸው ስም ያወጡለት። ጠዋት ከአልጋዬ ሥር ይነሳል፣ ማታ ኩሽና ይደርሳል። ሲደርስ ለምን እንደመጣ ይረሳውና ይመለሳል።»

ተኳሿ ሳቋ አመለጣት። ከፊታቸው የሚሄዱ ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ በእጇ አፏን ያዘች። እሱ ያየው ግን አፏን ሳይሆን እጇን ነው። በመዳፏ ጠርዝ ላይ ካውያ የተወው ትንሽ ጠባሳ አለ።

«ድመቷስ?»

«እመቤት ናት ስሟ። ጠባይዋም እንደዚያው ነው» አለ። «አንድ ቤት በር እንድከፍት ተጠርቼ ነበር። ተከራዮቹ ቆልፈው ከሄዱ ሰንብተዋል። በሩን ስከፍት ከበሩ ኋላ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አልጮኸችም። አየችኝና እግሬን ይዛ ትከሻዬ ላይ ወጣች፤ አልወርድም አለች። ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር ካየች ትታመማለች። ቁልፍ ሠሪ ነኝ፣ በቤቴ ውስጥ ግን የሚቆለፍ ነገር የለም።»

ይህ የመጨረሻው ነገር አንጀቷን በላው። እስከ ቤቷ ደጃፍ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።

ተኳሿ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ጡረታ በወጡ ቀን አብሯቸው ሲጠብቅ የኖረው ጥቁር ውሻም ጡረታ ወጣ። ስሙ ሻለቃ ነው። አባትየው ዕረፍታቸውን ሲቀበሉ ሻለቃ አልተቀበለም። ምሽት ላይ በሩን ያሸታል፣ መስኮቱን ያያል፣ የአባትየውን አልጋ ይዞራል፣ በመጨረሻ ሄዶ የሟች እናቷ ወንበር ፊት ይተኛል። በዚያ ወንበር ላይ ከእናትየው ወዲህ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። የከለከለ የለም፤ ሻለቃ ብቻ ያጉረመርማል፣ ያኔ ሰው ሌላ ወንበር ይፈልጋል። የአባቷ ጉልበት ከዳቸውና የልጃቸውን ትከሻ ሳይዙ ደረጃ መውረድ አይችሉም።

ቁልፍ ሠሪው እሷ የተኮሰችውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አባቷን ሊተዋወቅ መጣ። ሻለቃ ጫማውን አሸተተ፣ ቁርጭምጭሚቱን አሸተተ፣ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልጮኸም። ብቻ ፊት ለፊቱ ቆመ። እንግዳው ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ሻዩን እበሩ ላይ እንደቆመ ጠጣው።

«አባባ፣ ልቀመጥ ወይስ ልሂድ?»

«እኔማ ተቀመጥ ብያለሁ፤ ፈቃጁ እኔ አይደለሁም እንጂ» አሉ አባቷ። «ድመት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«በቃ። መጋዘኑ ውስጥ ድመት አያስገባም ነበር። ከሥራው ወጥቷል፣ ከሐሳቡ ግን አልወጣም።»

እንግዳው ከሄደ በኋላ አባትየው ጉልበታቸውን አሹ።

«ሰውየው ደህና ነው» አሉ። «እጁን አይቼዋለሁ። ግን ልጄ፣ የተዘጋ በር አትወድም ያልሽኝ ድመትና በር መጠበቅ ሥራው የሆነ ውሻ ባንድ ቤት እንዴት ይሆናሉ? እኔን ትተሽ ውጪ ብልሽ አትወጪም።»

«አልወጣም።»

«እሱንም ድመቷን ለሰው ስጣት አትዪውም።»

«አልለውም።»

«ብትዪውና እሺ ቢልሽ፣ ለእንደዚያ ያለ ሰው እኔም አልሰጥሽ» አሉ አባቷ።

ተኳሿና ቁልፍ ሠሪው ተያይዘው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ፈጣን ሴት ናት፤ የአንዲት ጥንቸል ጆሮ እየመረመረች ነው የመለሰችላቸው።

«ከመተያየታቸው በፊት ይሸታተቱ። ውሻው የተኛበት ፎጣ ለድመቷ ይሂድ፣ ድመቷ የተኛችበት ለውሻው። አንዱ የሌላውን ሽታ እንደ ቤቱ ሽታ ሲቆጥረው ያኔ አገናኙዋቸው። ብቻ አትቸኩሉ።»

ከዚያ በኋላ ፍቅራቸው በፎጣ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሠሪው የእመቤትን ፎጣ በወረቀት ከረጢት ይዞ ላውንደሪው ድረስ ይመጣል። ፎጣው ፀጉር ለብሷል፣ ጥፍር ክሩን መዝዞታል። ተኳሿ ማታ ወስዳ ሻለቃ አጠገብ ታነጥፈዋለች። መጀመሪያ አጉረመረመበት። ቀጥሎ በጥርሱ ጎትቶ ደረጃው ላይ ጣለው። ሲሰነብት ግን አገጩን አስደግፎበት ተኛ።

ያስቸገረው የእሷ ተራ ነበር።

ሻለቃ የተኛበትን ፎጣ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ምራቅ፣ ጥቁር ፀጉር፣ የእግር ጭቃ። ፊቷ እሳት ሆነ። ይህን ለእሱ? ቤቷን ገና በወጉ ተቀምጦ ላላየ ሰው? ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ኑሮዋ የሰው እድፍ ማስለቀቅ የሆነ ልጅ ይህን ጠቅልላ ትሰጣለች?

«ትንሽ ብቻ» አለች ለራሷ። ለብ ባለ ውሃ ነከረችው። የታጠበ ነገር ተጨማዶ አይሰጥምና ተኮሰችው። ጫፉን ከጫፉ አጋጥማ ለአራት አጠፈችው። «ሽታው ክሩ ውስጥ ገብቷል፣ ባንድ መታጠብ አይለቅም» ብላ ራሷን አታለለች። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ በኋላ ማጠቡን እጇ ሳይጠይቃት ለመደው።

ቁልፍ ሠሪው ፎጣውን ሲቀበል በሁለት እጁ ነው፣ እንደ ሞላ ሰሃን።

«እመቤት እንዴት ሆነችልህ?»

«ደህና ናት» ይላል፣ ወለሉን እያየ።

እሷም ወለሉን ታያለች። ባይጠይቃት ደስ ይላታል።

የሚገናኙበት ቀን ደረሰ። የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ቁልፍ ሠሪው እመቤትን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ሻለቃ ብድግ አለ። አባትየው የወንበራቸውን እጀታ ጨበጡ፣ ተኳሿ ትንፋሿን ያዘች። ሻለቃ አየሩን አሸተተ። ጅራቱ አንዴ ተወዛወዘ፣ ደግሞ ተወዛወዘ።

«አወቃት!» አሉ አባቷ። «ኧረ አወቃት!»

እመቤት ግን አላወቀችውም። ሁለት እጥፍ ሆና ተነፋች። ከትከሻው ተስፈንጥራ መጋረጃው ላይ ወጣች፣ መጋረጃው ከነዘንጉ ወረደ፤ በመንገዷ የሻለቃን አፍንጫ ቧጠጠችና ቁም ሣጥኑ ሥር ገባች። ሻለቃ እየጮኸ አባትየው እግር ኋላ ተሸሸገ።

«ሻለቃ! ኧረ ሻለቃ፣ አሳፈርከኝ እኮ!» አሉ አባቷ። የሳቀ ግን አልነበረም።

ቁልፍ ሠሪው በሆዱ ተኝቶ ብዙ ለመናት። ስትወጣለት እየተንቀጠቀጠች ነበር። ካፖርቱ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈባት፤ አንገቷ ብቻ እንዲወጣ ላይኛውን ቁልፍ ተወው። ተኳሿ እስከ ደረጃው ሸኘችው።

«አንድ ክፍል ዘግቼባት ላኖራት አልችልም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺም አባባን…»

«አልችልም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«አይደለም፣ የእኔ ነው» ልትለው አፏን ከፈተች። ግን አፍራ ተወችው። እሱም ደረጃውን ወረደ፤ የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው።

በዚያ ሳምንት ካፖርቱ አልመጣም። በቀጣዩም።

«ያ ካፖርት ሞተ እንዴ?» አሉ እትዬ። የልጅቷን ፊት ሲያዩ ግን ሌላ ቀልድ አልጨመሩም፤ ሻይ ቀዱላት። በሩ በተከፈተ ቁጥር በቀቀኑ «ነገ ይደርሳል!» ይላል። እሷ በሩን ታያለች። የሚገባው ሌላ ሰው ነው።

ቤት ስትገባ ሻለቃ በተቧጠጠ አፍንጫው የእመቤትን የመጨረሻ ፎጣ ተንተርሶ ታገኘዋለች። ላጥበው ብላ ብትስብ አልለቅም ይላል።

«ውሻው ቂም አልያዘም» አሉ አባቷ አንድ ምሽት። «ድመቷ ምን ነካት ታዲያ? እሱ ሐኪሟ ያለችውን አድርጓል፣ ይኸው ሻለቃ ምስክር ነው። አንቺም አድርገሻል።»

የቀሚሷን ጨርቅ በመዳፏ ማስተካከል ጀመረች።

«አድርገሻል ወይስ አላደረግሽም?»

«አጥቤው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ፎጣውን። ሁልጊዜ። አጥቤ፣ ተኩሼ ነው የሰጠሁት።»

አባቷ አፈጠጡባት። ከዚያ ሳቃቸው ከሆዳቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«እናትሽ! ልክ እናትሽ! ቧንቧ ሠሪው ቆሻሻ እንዳያይ ብላ የተደፈነውን ቧንቧ ስታጸዳ የምትውለው!» አሉና ቀና ብለው ባዶውን ወንበር አዩት። ሳቃቸው ለስለስ አለ። «ሂጂ ንገሪው።»

«አባዬ፣ አፍራለሁ።»

«እፈሪ። ማን ከለከለሽ? እያፈርሽ ሂጂ።»

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ሄደች። የቁልፍ ሠሪው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ስትገፋው ቸኮለ ወደ ኩሽና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አንገቱን አውጥቶ አያትና ጉዞውን ቀጠለ። ቁልፍ ሠሪው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቁልፍ ይሞርዳል፣ እመቤት ግራ ትከሻው ላይ ናት። ሲያያት ሞረዱ ከእጁ ወደቀ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት» አለች። «እስክጨርስ እንዳታየኝ።»

እሱም ወዲያው ወደ ግድግዳው ዞረ። ለእመቤት ስላልተነገራት እሷ ዞራ ታያት ጀመር።

ተኳሿ ለጀርባው ነገረችው። ስለ ምራቁ፣ ስለ ጭቃው፣ ለብ ስላለው ውሃ፣ ስለ ካውያው። ድመቷ ምንም ሽታ ሳይደርሳት እንደመጣችና ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

ተነሳ። አሁንም አላያትም። ሄዶ የቁም ሣጥኑን በር ከፈተው።

ፎጣዎቹ እዚያ ነበሩ። ሁሉም። አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል፣ የእያንዳንዱ መታጠፊያ ካውያዋ እንደተወው ነው። አንድም ፀጉር አልነካቸውም።

«አንዱንም አልሰጠኋትም» አለ ቁልፍ ሠሪው። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። «ላነጥፈው እዘረጋና መታጠፊያውን አያለሁ። ጫፉ ከጫፉ ጋር እንዲህ… ለእኔ እንዲህ አድርጎ አጥፎ የሰጠኝ ሰው የለም። ድመት ይተኛበት ልበል? ዛሬ ይቆይ፣ ነገ እሰጣታለሁ እላለሁ። በነጋም ጊዜ፣ ነገ እላለሁ።»

«ነገ ይደርሳል» አለች ተኳሿ፣ ሳታስበው።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሳቁ ድምፅ ነበረው። እሷም ሳቀች፣ በእጇም አፏን አልያዘችም። ሲበርድላቸው እሱ ዓይኗን አየ፣ እሷም ወለሉን አላየችም።

ከዚያ የያዘችውን ወረቀት ፈታች።

«ይሄ ያልታጠበ ነው» አለች።

የሻለቃ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ኧረ ይሸታል!»

«በጣም ነው የሚሸተው» አለች፣ ቀና ብላ።

ወለሉ ላይ አነጠፉትና ራቅ ብለው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እመቤት ከትከሻው ወረደች። ቀረበች፣ አስነጠሳት፣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ዞረችው። ብዙ ቆይታ አንድ እግሯን ጫፉ ላይ አሳረፈች፤ ሌላውን አልጨመረችም።

«ለዛሬ ይበቃታል» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ እጁንም ጠባሳው ባለበት እጇ ላይ አደረገ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ ወቅቱ ተለውጦ ነበር። ያን ቀን ትንፋሹን የያዘ አልነበረም፤ አባትየው እንዲያውም ጋዜጣ ያነቡ ነበር። እመቤት ከትከሻው ወረደች። ሻለቃ አፍንጫውን ሸሸግ አደረገ። በአጠገቡ አለፈች፣ ጅራቷን ባገጩ ሥር አሳልፋ፣ ቀጥ ብላ ሄደችና የእናትየው ወንበር ላይ ወጣች።

ጋዜጣው ወረደ። «እመቤት!» አለ ቁልፍ ሠሪው በሹክሹክታ፣ ሊያነሳት እየተነሳ።

«ተዋት» አሉ አባቷ።

ሻለቃ ብድግ ብሎ ወደ ወንበሩ ሄደ። አየት አደረጋት። አላጉረመረመም። አንዴ ዞረና ከወንበሩ እግር ሥር ተኛ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ።

አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት።

«ዘበኛው ሥራ አገኘ» አሉ።

ቁልፍ ሠሪው ባልዋ ሆኖ ወደዚያ ቤት የገባ ቀን መጀመሪያ ያደረገው የውስጥ በሮቹን ቁልፎች መፍታት ነው። ቸኮለ ከካርቶኑ ወጥቶ አዲሱን ኩሽና ፍለጋ ጉዞ ጀመረ። አባትየው ተቀምጠው መንገድ ያሳዩታል፤ «ወደ ቀኝ፣ ጎበዝ፣ ወደ ቀኝ!»

ምሽት ላይ ተኳሿ ወንበር ላይ የተጣለውን ሰማያዊ ካፖርት ልትሰቅል አነሳችው። ግራ ትከሻው ላይ ነጭና ቡናማ ፀጉር ተሰክቷል። በታች፣ በጉልበቱ በኩል፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጥቁር ፀጉር አለ። እጇ ሳታዘው ብሩሹን አወረደ።

ካፖርቱን በመብራቱ ፊት ይዛ ጥቂት ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ከወዲያኛው ክፍል፣ በተከፈተው በር።

«ምንም» አለች። ካፖርቱን እንዳለ ሰቀለችው፣ ብሩሹንም ወደ ቦታው መለሰችው።